እግርና አፈር

ሰው ውሎው አድክሞት ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ከሰውነቱ ክፍል ሁሉ አስቀድሞ ዕረፍት የሚለምነው እግሩ ነው። እኛም በአጣዬ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ስንኖር ይህን ልመና ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። የይፋት ቆላ ፀሐይ በግንቦት ስትበረታ፥ ለሥራ ወደ ገጠር ወጥተን ስንመለስ፥ እግራችን በጫማው ውስጥ ያብጥና ይቃጠል ነበር። በዚያን ጊዜ እናታችን የሚያዘጋጁልን መድኃኒት የሸክላ አፈር ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ከብት ከማይደርስበት ስፍራ፥ ለሸክላ ሥራ የሚሆነውን ልዝብ አፈር ያስቆፍራሉ፤ በፀሐይ ያደርቁታል፤ ወቅጠውም በወንፊት ይነፉታል። ማታ ለብ ባለ ውኃ እንደ ሊጥ ለውሰው እግራችንን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይቀቡታል። ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ ቡና ይፈላል፥ ጨዋታም ይደራል። ከዚያ በኋላ እግራችን በሙቅ ውኃ ታጥቦ፥ በንጹሕ ጨርቅ ደርቆ፥ ተረከዙ ጥቂት ቅቤ ይቀባል። በማግስቱ ስንነሣ ሌላ እግር የተተካልን ይመስለን ነበር።

ይህ ነገር ተአምር አይደለም። በገንቦ ያለ ውኃ በቀትር እንኳ የሚቀዘቅዘው፥ ገንቦው እርጥበቱን በላቡ እያወጣ ሙቀቱንም አብሮ ስለሚያስወጣ ነው። እርጥብ ሸክላ በእግር ላይ ሲደርቅም የሚሆነው ይኸው ነው። ደግሞም የሸክላ አፈር ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ፥ በቆዳ ላይ ያለውን ላብና ቅባት ይመጣል። እንግዲህ የእናቶቻችን ልማድ መሠረት የሌለው አልነበረም። ስሕተቱ የመጣው ከእኛ ነው።

በአንድ የበጋ ወራት እናታችን ዘመድ ለመጠየቅ ሄደው ሳለ፥ ተረከዛችን ደም እስኪያወጣ ድረስ ተሰነጠቀ። እኛም፥ «ለደኅናው እግር የሚበጅ አፈር ለቆሰለውማ እንዴት አይበጅ!» ብለን ጭቃውን በንቃቃቱ ውስጥ ጠቀጠቅነው፤ ሳንታጠብም እንቅልፍ ወሰደን። በሦስተኛው ቀን እግራችን ቀላ፥ አበጠ፤ በብሽሽታችን ንፍፊት ወጣ፤ ትኩሳትም ያዘን። ይህም ሁሉ ሆኖ ወደ ሕክምና አልሄድንም። የከለከለን ሥራ ወይም ገንዘብ ሳይሆን እፍረት ነበር፤ የእፍረቱንም ምክንያት ሳንደብቅ እንናገራለን።

አክስታችን በምሥራቅ ጎጃም ተድረው ብዙ ዘመን ከኖሩ በኋላ፥ ሁለት እግሮቻቸው አብጠው ወደ ቤታችን ተመልሰው ነበር። ሰዉ በሽታውን ዝሆኔ ይለዋል፤ የሚበዛውም ሰው እርግማን ነው ይላል። በልጅነታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር፥ «ጓዳ ይግቡ» ብለን እንድንነግራቸው የምንላከው እኛ ነበርን። እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ ሳይቆጡን ነጠላቸውን በእግራቸው ላይ ሳብ አድርገው ይነሡ ነበር። እንግዲህ የገዛ እግራችን ባበጠ ጊዜ፥ ያ እርግማን በዘር ደረሰብን ብለን በራችንን ዘጋን።

በመጨረሻ ባልደረቦቻችን ደግፈው ወደ ሕክምና ወሰዱን። የጤና ባለሙያውም ቁስሉን አጥቦ መድኃኒት ከሰጠን በኋላ፥ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መከተባችንን ጠየቀን፤ የዚያ በሽታ ዘር በአፈር ውስጥ ስለሚኖር፥ በተከፈተ ቁስል አፈር ማግባት ሞትን መጋበዝ እንደ ሆነ አስረዳን። ቀጥሎም በቤታችን እግሩ ያበጠ ሌላ ሰው መኖሩን ጠየቀን። ጥቂት ዝም ካልን በኋላ ስለ አክስታችን ነገርነው።

ከእሱ የሰማነውንና በኋላም በንባብ ያገኘነውን ለአንባቢ እናካፍላለን። በ1960ዎቹ በአገራችን ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፥ በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው የዚህ ዓይነት የእግር እብጠት ከቀይ እሳተ ገሞራ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አመለከተ። ሕዝቡ በባዶ እግሩ ብዙ ዓመት ሲመላለስ፥ ደቃቁ የአፈር ቅንጣት በቆዳ ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ሥሮች ይጎዳል። በሽታውም ከእግርና ከአቧራ በተገኘ የግሪክ ቃል ፖዶኮኒዮሲስ ተባለ። በ2004 ዓ.ም. የታተመ የወላይታ ጥናት ደግሞ ለበሽታው ተጋላጭነት በዘር ሊወረስ እንደሚችል አሳየ። ሆኖም ጫማ የለበሰና እግሩን የታጠበ ሊጠበቅ ይችላል፤ በሽታውም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአገራችን ሕሙማኑ 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል። እንግዲህ ይህን ያህል ሕዝብ ጓዳ ሊገባ ነውን?

ለአንድ ማታ የተቀባ ጭቃ ዝሆኔን ያመጣል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን አፈር ሁሉ አንድ አይደለም። አንዲት ፈረንሳዊት በኮትዲቯር ቁስል ለማከም ይዛው የሄደችውን አረንጓዴ ሸክላ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በመረመሩት ጊዜ፥ አንዱ ሸክላ ተሐዋስያንን ሲገድል፥ በመልክ የሚመስለው ሌላው አልገደለም። ሊቃውንት በመሣሪያ የለዩትን እኛ በዓይናችን ከወንዝ ዳር ልንለየው አንችልም።

በወንጌል እንደምናነበው፥ ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ዓይን በጭቃ ከቀባው በኋላ፥ ሄዶ በሰሊሆም መጠመቂያ እንዲታጠብ አዘዘው፤ ሰውዬውም ያየው ከታጠበ በኋላ ነው። እኛ ግን ጭቃውን ይዘን መታጠቡን ረሳነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ በየቀኑ እግራቸውን ይታጠባሉ፤ አባቶቻችንም መንገደኛ ሲመጣ ከምግብ በፊት እግሩን ያጥቡ ነበር። ሁለቱም ወገኖች የእግርን ክብር ያውቃሉ።

አክስታችን ሕክምና ከጀመሩ ወዲህ፥ እግራቸውን ዘወትር በሳሙና ታጥበው፥ ጥቂት በረኪና በጠብታ በተጨመረበት ውኃ ይነክሩታል፤ በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር አድርቀው ቫዝሊን ይቀቡታል፤ በልካቸው የተሠራ ጫማም ያደርጋሉ። በ2010 ዓ.ም. የታተመና በዚያው በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናትም፥ እንዲህ ያለው ቀላል እንክብካቤ ትኩሳትና ሕመም የሚያስነሣውን የእግር ቁጣ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የአክስታችን እግር ወደ ቀድሞው ባይመለስም እብጠቱ ጎድሏል፤ በየጊዜው አልጋ ላይ የሚጥላቸው ትኩሳትም ርቋል።

እናታችን ዛሬም ሸክላቸውን ያዘጋጃሉ፤ ነገር ግን ከመቀባታቸው በፊት መብራት አቅርበው ተረከዛችንን ይመረምራሉ፤ ጭረት ካዩ ጭቃው ወደ ጎን ይደረጋል።

ባለፈው ጸሎተ ሐሙስ አክስታችን ከእኛ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ካህኑ የምእመናንን እግር እያጠቡ ወደ እሳቸው በደረሱ ጊዜ፥ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ነጠላቸው ሄደ። ጥቂት ቆይተው ግን ነጠላውን ተዉትና እግራቸውን ዘረጉ። እኛም በልጅነታችን «ጓዳ ይግቡ» ያልንበትን አፍ በእጃችን ሸፍነን ቆመን አየን።