ጆሮ፣ ወንፊትና ሚዛን

ስለ አዲሱ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ የሚጠይቀን ሰው በዝቷል። በውኃ ወረፋ ላይም ይሁን በራሽን ቀን፣ ቡና በተፈላበትም ቤት የሚቀርብልን ጥያቄ ያው አንድ ነው፤ «ወርቅ አገኛችሁ ወይ?» ይሉናል። አላገኘንም፤ አልፈለግንምም። ያገኘነው ምስማር ነው። ምስማሩን ለማግኘት መሣሪያው እንዴት መስተካከል እንዳለበት ለመማር ደግሞ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ በዚህ ገጽ የምናወጋችሁ ስለዚሁ ትምህርት ነው። መሣሪያው ነገ በሌሎች እጅ ሲገባ ተረኞቹ ከዜሮ እንዳይጀምሩ በማሰብ ጭምር ነው።

ነገሩ የተነሣው ከሜዳው ነው። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ጀምሮ ቤት ሲሠራበት፣ ሲፈርስበት፣ ዳግም ሲሠራበት የኖረ መሬት ነው። ከብሎካችን በስተጀርባ ያለው ሜዳም ዱሮ ቤቶች ነበሩበት። ጎርፍ ካፈረሳቸው በኋላ እንጨታቸው ለማገዶ፣ ቆርቆሯቸው ለሌላ ቤት ተነሣ፤ ምስማራቸው ግን እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀረ። ዛሬ ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱት በዚያ ላይ ነው። አብዛኞቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ጫማ ያለውም ለትምህርት ቤት ብሎ ይቆጥበዋል። ባለፈው የዝናብ ወራት ሦስት ልጆች ምስማር ወጋቸው፤ አንደኛው እግሩ አብጦ ብዙ ቀን ተኝቶ ነው የተነሣው። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ ያየ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር አያልፈውም። የበሽታው ጀርም ብዙዎቻችን እንደምናስበው በዝገት ውስጥ አይኖርም፤ የሚኖረው በአፈር ውስጥ ነው። ምስማሩ የሚያደርገው አፈሩን ይዞ ሥጋ ውስጥ ዘልቆ መግባት ነው።

መሣሪያው የተገዛው በመዋጮ ነው፤ በውጭ አገር ያሉ ወንድሞችና እኅቶችም ጨምረውበታል። ስለ ገንዘቡ አጠቃቀም ክርክር መነሣቱን የማያስታውስ የለም። ራሽን በተቀነሰበት ጊዜ ለምን ዱቄት አይገዛበትም ያሉ ነበሩ፤ ነገራቸውም ውሸት አልነበረበትም። ወጣቶቹ ደግሞ ወርቅ ይፈለግበት አሉ። በቱርካና ምድር ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኬንያ የማዕድን ሕግ በባህላዊ መንገድ ማዕድን የማውጣትን ፈቃድ ለዜጋ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ እኛ ደግሞ ከካምፑ ለመውጣት እንኳ ወረቀት የምንለምን ሰዎች ነን። ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ዱቄቱ ያልቃል፤ ልጄ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ነገም ይሮጣል» አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም።

መሣሪያው እጃችን ሲገባ መጀመሪያ ያደረግነው አሠራሩን መረዳት ነው። በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ሳህን መሳይ ነገር በውስጡ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለው። የባትሪው ኤሌክትሪክ በጥቅሉ ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ወደ መሬት የማግኔት ኃይል ይልካል። ኃይሉ ብረታ ብረት ሲያገኝ በውስጡ ትንንሽ የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ይፈጥራል፤ አዙሪቶቹም በተራቸው ደካማ የማግኔት ኃይል መልሰው ይልካሉ። ያንን ደካማ መልስ ሌላ ጥቅል ተቀብሎ በማዳመጫው ጢጥ ያሰኘዋል። እንግዲህ መሣሪያው ዐይን የለውም፤ ጠይቆ መልስ ያዳምጣል።

ማስተካከያዎቹ ሦስት ናቸው። ስማቸው በባዕድ ቋንቋ ስለ ተጻፈና ለአፋችን ስላልተመቸ የየራሳቸውን ስም አወጣንላቸው። አንደኛውን ወንፊት፣ ሁለተኛውን ሚዛን፣ ሦስተኛውን ጆሮ አልናቸው። መምህራችን በብሎካችን ያሉ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በአገር ቤት በመሐንዲስ ጦር ውስጥ ያገለገሉና እ.ኤ.አ. በ1991 ድንበር ተሻግረው ኬንያ የገቡ ሰው ናቸው። የያዝነውን መሣሪያ ዐይነት አያውቁትም፤ ማዳመጥን ግን ያውቃሉ። «ልጆቼ፣ ሜዳው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት እናንተው ቀብራችሁ እናንተው ፈልጉ» አሉን። እንዳሉትም በግቢያችን ጥግ ብረት የሌለበትን ቦታ መርጠን፣ የቆርቆሮ ምስማር፣ የጫማ ምስማር፣ ቁራጭ ሽቦ፣ ምላጭና ቆርኪ በ5፣ በ10፣ በ15ና በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቀበርን። በያንዳንዱም ላይ ምልክት አቆምን።

ከወንፊቱ እንጀምር። ይህ ማዞሪያ የትኛው ብረት ይጩህ፣ የትኛው ዝም ይበል የሚለውን ይወስናል። ከመሣሪያው ጋር የመጣው መጽሐፍ የተጻፈው ሳንቲምና ቀለበት ለሚፈልግ ሰው ነው። ስለዚህ መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ ምስማርና ሽቦን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ እንዲያልፍ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። ለመጽሐፉ ባለቤት ይህ መልካም አቀማመጥ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን ያንኑ ቆሻሻ የተባለውን ነው። በዚያ አቀማመጥ በቀበርናቸው ምስማሮች ላይ ሳህኑን ስናሳልፍ አንዲትም ድምፅ አልነበረችም፤ ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች ተኝቶ የሚጠብቀው ምስማር ሁሉ ለመሣሪያው እንደሌለ ነው። ስለዚህ ወንፊቱን ጨርሰን ከፈትነው። ሁሉም ብረት እንዲጮህ፣ የጮኸውም ሁሉ እንዲቆፈር ቆረጥን። ወርቅ ለሚያስቡትም እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ ወንፊት ሲጠብቅ ከምስማሩ ጋር ትንንሿም ወርቅ አብራ ልትቀር ትችላለች።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። የዚህ አገር አሸዋ ጥቁር ብናኝ አለበት። ማግኔት በክር አንጠልጥላችሁ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ብትጎትቱት ጥቁሩ ብናኝ እንደ ጢም ተንጠልጥሎበት ይወጣል። ብናኙ የብረት ጠባይ ስላለው መሣሪያውን ያናግረዋል፤ መሬቱ ራሱ እንደ ብረት ይጮኻል። ሚዛን የሚባለው ማዞሪያ የመሬቱን ድምፅ ከብረቱ ድምፅ ይለያል። አያያዙም እንዲህ ነው፤ ንጹሕ ቦታ ተፈልጎ ሳህኑ ከመሬት እስከ አንድ ስንዝር ከፍ ዝቅ ይደረጋል። ወደ መሬት ሲጠጋ ድምፁ ከጨመረ ማዞሪያው ወደ አንዱ ወገን፣ ከቀነሰ ወደ ሌላው ወገን በጥቂቱ ይዞራል። ከፍ ሲልም ዝቅ ሲልም ድምፁ ካልተለወጠ ሚዛኑ ተያዘ ማለት ነው። ይህም አንድ ጊዜ ተይዞ የሚተው አይደለም። ከሜዳው ወደ ወንዙ ዳር ስንጠጋ አሸዋው ይለወጣል፤ ከዝናብ በኋላም መሬቱ ሌላ ነው። ስለዚህ በየማለዳው፣ ቦታ በተቀየረም ቁጥር ሚዛኑ እንደ አዲስ ይያዛል።

ሦስተኛው ጆሮ ነው፤ ብዙ የተከራከርንበትም እሱ ነው። የመሣሪያችን ጆሮ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራል። ከመካከላችን ገንዘብ ያወጣንበት ስለሆነ ሙሉውን እንጠቀምበት ያለ ነበረ። በ8 ላይ ሲሆን መሣሪያው ከአሸዋውም፣ ከሩቅ ጀኔሬተርም፣ በኪስ ካለ ስልክም ጋር ያወራል፤ ጩኸቱ ማቆሚያ የለውም። ጋሼ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አንሥተው፣ «ይህ ጫጫታ ነው፤ ነገር የለበትም። ዝም እስኪል አውርዱት፤ ዝም ካለ በኋላ የሚናገረውን እመኑት» አሉ። ደረጃ በደረጃ አወረድነው። በ5 ላይ ጫጫታው ቆመ። በዚያ ደረጃ የቆርቆሮው ምስማር በ10 ሳንቲ ሜትር ጥርት ብሎ፣ በ15 ላይ ደከም ብሎ ይሰማል፤ በ20 ላይ አይሰማም። ታዲያ ለእኛ በቂ ነው ወይስ አይደለም? የልጅ እግር 20 ሳንቲ ሜትር አይወርድም። የሚወጋው ከላይ ያለው ነው። ጎርፍና ነፋስ አሸዋውን እየጠረጉ የታችኛውን ምስማር ወደ ላይ ማውጣታቸው ስለማይቀር ግን፣ ከየዝናቡ ወራት በኋላ ሜዳውን እንደገና ለመፈተሽ ወሰንን። በዚህም 5 የእኛ ቁጥር ሆነ። ቁጥሩ የዚህ ሜዳና የዚህ ሥራ ነው፤ ወስዳችሁ በሌላ መሬት ላይ እንደ ሕግ እንዳትይዙት አደራ እንላለን።

በቆርቆሮ አጥር አጠገብ ያለው ሥራ ለብቻው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት በተመቱ ጊዜ የስልኩ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱን ከሰውነታቸው ውስጥ ለማግኘት እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ ሞክሮ ነበር። ጥይቱ አልተገኘም። የተኙበት ፍራሽ የብረት ሽቦ ስለነበረበት ድምፁን ረብሾታል ይባላል። በአጥር ጥግ የእኛም ችግር ይኸው ነው፤ አንድ ሙሉ ቆርቆሮ አጠገቡ ቆሞ ሳለ የአንዲት ምስማር ድምፅ አይለይም። ስለዚህ በአጥሩ ዳር ጆሮውን ወደ 3 እናወርዳለን፤ ሳህኑንም ከአጥሩ ጎን ለጎን እናስኬዳለን። እስከ አጥሩ ሥር ያለውን የመጨረሻውን ክንድ ግን በመሣሪያ አንፈልግም፤ አፈሩን በእጅ ወንፊት እንነፋዋለን።

ማስተካከያው ከታወቀ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ጋሼ እንዳስተማሩን ሜዳውን በገመድ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ባላቸው መስመሮች ከፈልነው። ሳህኑ ከመሬት በሁለት ጣት ከፍታ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሳይነሣ በዝግታ ይሄዳል፤ ያለፈበትንም ግማሹን ደግሞ ይረግጣል። ድምፅ ሲሰማ በመስቀለኛ ሁለት ጊዜ ይፈተሻል፤ ድምፁ የተገናኘበት ቦታ ነው የሚቆፈረው። የተኛ ምስማር ብዙ ጊዜ በሁለት ጫፉ ሁለት ጊዜ ይጮኻል፤ የቆመው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በጠባቡ። የሚወጋው ደግሞ የቆመው ነው። ስለዚህ አጭሯን ድምፅ አንንቃትም። በየማለዳው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በግቢው ጥግ በ10 ሳንቲ ሜትር የተቀበረው ምስማር ይፈተሻል፤ እሱ ካልተሰማ የዚያን ቀን ሥራ የለም፤ የባትሪ ድንጋዩ ይቀየራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ወጣት ወደ አገር ቤት ስመለስ መሣሪያውን ተውሼ የአባቴን እርሻ ልፈትሽበት ብሎ ጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት በየማሳው ያልፈነዳ ነገር ጥሎ መሄዱን ሁላችንም እናውቃለን። ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ። በእጅ የሚያዘውን ዝነኛ የፈንጂ ጠቋሚ የሠራው ዮዜፍ ኮሳትስኪ የሚባል የፖላንድ መኮንን መሆኑን ነገሩን። አገሩ እ.ኤ.አ. በ1939 ተወርራ በብሪታንያ ተሰዶ ሳለ ሠርቶ ለብሪታንያ ጦር በነፃ ሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1942 በግብፅ በኤል አላሜይን ጦርነት ላይ ብዙ ሕይወት አዳነ። «የሠራው እንደኛው ስደተኛ ነው፤ ነገር ግን የያዘው ሁሉ ፈንጂ አውጪ አይሆንም። ብረቱ እምብዛም የሆነ ፈንጂ አለ፤ ይህ መሣሪያ ዝም ይለዋል፤ አንተም ዝም ስላለ ትረግጠዋለህ» አሉት። ወጣቱ ደግሞ አልጠየቀም። እዚህም ቢሆን ሥራው ላይ ያለ ሰው ጥይት ወይም ቅርጹ ያላማረው ብረት ካየ፣ ሳይነካ ምልክት አቁሞ፣ ልጆችን አርቆ ለጸጥታ ሰዎች ያሳውቅ።

አሁን ከሜዳው ሁለት ሦስተኛው ተፈትሿል። የወጣው ምስማርና ሽቦ ሁለት የዘይት ቆርቆሮ ሞልቷል፤ ለቆራሌው ተሸጦ የባትሪ ድንጋይ ተገዝቶበታል። ቆርኪዎቹን ልጆቹ ለዳማ ጠጠር ወስደዋቸዋል። ሥራው የሚሠራው ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጀኔሬተሩም ሳይነሣ፣ ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ነው። የቀረው በወንዙ በኩል ያለው ክፍል ነው፤ ጥቁሩ አሸዋ እዚያ ስለሚበዛ የሚዛን ሥራ ይጠይቃል። ሁለት ሰው ይጎድለናል። ጆሮው ደኅና የሆነና መቸኮል የማይወድ ሰው ስሙን ለብሎኩ ተጠሪ ይስጥ። እስከዚያው ድረስ ልጆቹ በገመዱ ወዲህ ባለው በኩል ይጫወቱ ዘንድ ወላጆችን እንለምናለን።