ጎብኝተን ከተመለስን በኋላስ?

ከባሕር ማዶም ከአዲስ አበባም ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ለአገልግሎት የሚሄዱ ቡድኖችን አይታችሁ ይሆናል። ለሁለት ሳምንት ከልጆቹ ጋር ይዘምራሉ፣ ያቅፏቸዋል፣ ይመለሳሉ። ልባቸው ቅን ነው። ልጁ ግን የወደደውን ሰው በየጊዜው ይሸኛል።

እኛ የሚዛን ተፈሪና የቴፒ ሰዎች ቡናን እናውቃለን። ችግኝ በየወሩ እየተነቀለ ቢተከል ሥር አይሰድም። ልጅም እንዲሁ ነው።

በማሳደጊያ ካሉ ልጆች ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው፤ ከቤት ያወጣቸው ድህነት ነው። አገራችንም የውጭ አገር ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከልክላለች። ስለዚህ ኃላፊነቱ በእኛ ደጅ ነው።

ከባለቤቴ ጋር ምእመናንን ስንጠይቅ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አያቶችን አገኛለሁ። የጎደላቸው ፍቅር አይደለም፤ የደብተርና የዘይት መግዣ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ስለ ሙት ልጆች ሲያሳስበን የአንድ ጊዜ ጉብኝትን ብቻ ያሰበ አይመስለኝም።

እኅቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ለጉዞ ካሰባችሁት ገንዘብ ለአንዲት አያት በየወሩ ብትመድቡስ? ቤታችሁ ከፈቀደም አንድ ልጅ በሕግ አሳድጉ። ዛሬ ማታ ባልና ሚስት ሆናችሁ በጸሎት ተነጋገሩበት። ጌታ ይባርካችሁ።