መኪና ማቆሚያ ሊሆኑ የነበሩ ቲያትር ቤቶች

በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ ኮሎምበስ በምትባል ከተማ ዘጠኝ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራው ከባድ አይደለም። መኪና ሲገባ ቲኬት ትሰጣለህ። ሲወጣ ሒሳብ ትቀበላለህ። በመካከሉ ቁጭ ነው። ብዙ የአገራችን ሰዎች በዚህ ሥራ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ስለዚህ መኪና ማቆሚያን በክፉ አላነሣም። እንጀራዬ ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ግን ለጥቂት መኪና ማቆሚያ ከመሆን ስለተረፈ ሰፈር ነው።

ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቀኑ ሜይ 2 ቀን 2014፣ ዓርብ ነበር። በእኛ ሚያዝያ 24 ቀን 2006 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተዋል። ክሊቭላንድ የሚኖር ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ዓርብ ማታ መንገድ ላይ ትልቅ ድግስ አለ። ገንዘብ አይጠየቅም። እትዬን ይዘሃቸው ና» አለኝ። ከሁለት ሰዓት በላይ ነድተን ደረስን።

ዩክሊድ ጎዳና ለመኪና ተዘግቷል። መንገዱን የሞላው ሰው ነው። ሙዚቃው ይጮኻል። ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ አለ። ምግብ የሚሸጡ መኪኖች ተሰልፈው ይጠብሳሉ። የጥብሱ ሽታና ከሐይቁ የሚመጣው ብርድ አንድ ላይ ፊት ይመታሉ። አክስቴ ነጠላቸውን አጥብቀው ዙሪያውን ቃኙ።

«ማን ተዳረ?» አሉኝ።

«ማንም አልተዳረም እቴቴ። ድግሱ የቲያትር ቤቶቹ ነው።»

«ቲያትር ቤትም ይደገስለታል እንዴ?»

አክስቴ ቲያትር ቤት አያውቁም እንዳትሉ። በልጅነታቸው ፒያሳ፣ ሀገር ፍቅር ቲያትር ደጃፍ ቆሎ ይሸጡ ነበር። ከበሮውና ዘፈኑ ውጭ ድረስ ይሰማቸዋል። ሰው ሲስቅ ይሰማቸዋል። ምን እንዳሳቀው ግን አያዩም። በቆሎ ትርፍ ትኬት አይገዛማ! «ሳቁን ብቻ ሰምቼ እገባ ነበር» ይላሉ፣ የዚያን ጊዜ ነገር ሲነሣ። አንድ ቀን እንኳ ውስጡን አላዩትም።

ወደ ክሊቭላንድ ልመለስ። የሰፈሩ ስም ፕሌይሃውስ ስኩዌር ነው። እዚያ በ1921 እና በ1922 አምስት ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ተሠሩ። ስማቸው ኦሃዮ፣ ስቴት፣ አለን፣ ሐና እና ፓላስ ነው። ብዙ ዓመት ሰው ሲጎርፍባቸው ኖረ። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። ያለው ሰው መኪናውን ይዞ ከከተማው ዳር ቤት ሠራ። ማታ ማታ መሐል ከተማው ጭር አለ። በ1968 እና በ1969 ከአምስቱ አራቱ ተዘጉ። በ1972 ደግሞ ኦሃዮና ስቴት ፈርሰው ቦታቸው መኪና ማቆሚያ እንዲሆን ታሰበ።

ይህን የነገረችን ቀይ ኮት የለበሰች ሽማግሌ ሴት ናት። በዚያ ቀይ ኮት የሚለብሱት ያለ ደመወዝ ተመልካች የሚያስተናግዱ ሰዎች ናቸው። እሷ ስትነግረኝ እኔ አልገረመኝም። ሒሳቡን አውቀዋለሁ። ባዶ ቲያትር ቤት ጣራው ያፈስሳል፤ ግብር ይጠይቃል፤ ክረምት ሲመጣ ማሞቂያ ይፈልጋል። አስፋልት የፈሰሰበት ባዶ ቦታ ግን ምንም አይፈልግ። አንድ ወንበር፣ አንድ የገንዘብ ሳጥንና አንድ ሰው ይበቃዋል። ያ ሰው እንግዲህ እኔ ነኝ።

ታዲያ ቤቶቹን ማን አተረፋቸው? ነገሩን የጀመረው ባለሀብት አልነበረም። ሬይ ሼፐርድሰን የሚባል፣ በክሊቭላንድ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር የተቀጠረ ወጣት ነበር። በ1970 የመምህራን ስብሰባ የሚደረግበት አዳራሽ ሲፈልግ ወደ ተዘጋው ስቴት ቲያትር ገባ። የስቴት መግቢያ አዳራሽ ርዝመቱ ወደ 97 ሜትር ይጠጋል። በግድግዳው ላይ ጄምስ ዶኸርቲ የተባለው ሠዓሊ የሣላቸው አራት ትልልቅ ሥዕሎች አሉ። ወጣቱ ይህን አይቶ ቤቶቹን ለማዳን ተነሣ። ማኅበር አቋቋመ። በጎ ፈቃደኞች መጥረጊያና ባልዲ ይዘው ገቡ። አንድ የሴቶች ማኅበር 25 ሺህ ዶላር ሰጠ።

በ1973 በዚያው በስቴት መግቢያ አዳራሽ የሙዚቃ ዝግጅት ከፈቱ። ዝግጅቱ የቤልጂጉን ዘፋኝ የዣክ ብሬልን ዘፈኖች ያቀረበ ነው። የታሰበው ለሦስት ሳምንት ነበር። ሰው ግን መምጣቱን አላቆመም። እስከ 1975፣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። «ማታ ወደ መሐል ከተማ ማን ይመጣል?» ይባል የነበረው በዚህ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መንግሥትም ባለገንዘብም ተጨመሩበት። ኦሃዮ በ1982፣ ስቴት በ1984፣ ፓላስ በ1988 ታድሰው ተከፈቱ። የቀሩትም ተራቸው ደረሰ።

እኛ ለበዓሉ የሄድንበት ዕለት አዲስ መብራት የሚበራበት ነበር። ፈረንጆች ቻንደሊየር ይሉታል። በትልቅ አዳራሽ ከጣራ የሚንጠለጠለው፣ ብዙ ፈርጥ ያለው መብራት ነው። ይኼኛው ግን የተንጠለጠለው ደጅ፣ ከዩክሊድ ጎዳና በላይ ነው። ቁመቱ 6 ሜትር ያህል ነው። ፈርጦቹ ከ4 ሺህ ይበልጣሉ። ሲመሽ ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ አቀና። በራ! ጩኸቱ ለጉድ ነው። አክስቴ እልል አሉ። በአጠገባችን የነበሩ ወጣቶች ዞረው አዩዋቸውና እልልታውን ሊያስመስሉ ሞከሩ። አልሆነላቸውም። አክስቴ ደገሙላቸው።

«አየህ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እነዚህ የውስጡን መብራት ለውጭ ሰው አወጡት።»

ሬይ ሼፐርድሰን ግን ይህን አላየም። መብራቱ ሊበራ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ በዚያው በ2014 በኤፕሪል ወር ሞተ። ቀይ ኮት የለበሰችው ሴት ይህን ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ወደ መኪናችን ስንመለስ ከብርሃኑ ጥቂት ራቅ እንዳልን የተዘጉ ሱቆች አየን። አንድ ሰው በር ሥር ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኝቷል። ክሊቭላንድ በ1950 ከ914 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። በ2010 ከ397 ሺህ በታች ሆናለች። አንድ መብራት ይህን አይመልስም። ጓደኛዬ «ያ ሁሉ ገንዘብ ለቤት መሥሪያ ቢውል ይሻል ነበር» አለ። እኔ በከፊል እውነቱን ነው አልኩ። ግን ቤቶቹ ፈርሰው ቢሆን ገንዘቡ ለዚያ ሰው ቤት ይሠራበት ነበር? አስፋልት ነበር የሚፈስበት። እስከ ኮሎምበስ በስልክ ስንከራከር ደረስን። አክስቴ ከኋላ ተኝተዋል።

መኪናችንን ያቆምነው የት መሰላችሁ? እዚያው አጠገብ፣ በመኪና ማቆሚያ ነው። ሒሳብ የተቀበለኝን ልጅ «በርታ» አልኩት።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ቲያትር ቤቶቹን ለጎብኚ በሚያሳዩበት ቀን፣ አክስቴን ይዤ ተመለስኩ። የስቴትን ረጅም አዳራሽ በእርምጃ እየቆጠሩ አለፉ። መሐል ላይ ቁጥሩ ጠፋባቸውና ተመልሰው እንደገና ጀመሩ። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ወደ ትልቁ አዳራሽ ገባን። ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር መርጠው ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። አስጎብኚው ሌሎቹን ሰብስቦ ወደ በሩ ሄደ።

«እቴቴ፣ እንሂድ፤ ጨርሰዋል» አልኳቸው።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ትንሽ ልቀመጥ።»