የማለዳ ቁርስ የሚሠራው ማታ ነው

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ስለ ትዕግሥት ሲናገሩ ነው። እኛ የቢሮና የትምህርት ቤት ሰዎች ግን ጧት ጧት ትዕግሥት የሚባል ነገር የለንም። ፊታችንን ታጥበን፣ ጫማችንን ጠርገን፣ ከአውቶቡስ ወይም ከታክሲ ሰልፍ ገብተን በ2 ሰዓት ተኩል ከሥራችን ለመድረስ ስንጣደፍ ከሁሉ አስቀድመን የምንተወው ቁርሳችንን ነው። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ስለ ተተወው ቁርስ ነው።

ምናልባት «ሰው ቁርሱን ቢበላ ባይበላ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ይህ ደግሞ ለመጽሔት የሚበቃ ነገር ነውን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ከመዝገብ ክፍሉ አጠገብ ስሠራ ያስተዋልሁት ነገር አለ። ጧት ሲገባ ፈገግ ብሎ «እንደምን አደራችሁ» የሚል አንድ ወጣት ጸሐፊ ነበር። 4 ሰዓት ሲሆን ፊቱ ይጠቁራል፤ ድምፁም ይሻክራል። አንድ ቀን ከገጠር ሌሊት ተነሥተው የመጡ አዛውንት ወረቀታቸውን ይዘው ቀርበው ቢጠይቁት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው «ነገ ይመለሱ» አላቸው። ልጁ ክፉ ልጅ አልነበረም። ከማታው እራት ወዲህ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ በቀር በአፉ የገባ ነገር አልነበረም። አዛውንቱ ግን ይህን ከየት ያውቃሉ? ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ ተመለሱ። እንግዲህ የእኛ ባዶ ሆድ የሚጎዳው እኛን ብቻ አይደለም፤ በመስኮቱ ወዲያ ማዶ የቆመውን ባለጉዳይም ጭምር ነው። ተማሪም ቢሆን ዐይኑ ከሰሌዳው ላይ፣ ልቡ ከምሳው ላይ ከሆነ ያን ቀን ተማረ አይባልም።

ለዚህ መድኀኒቱ ማልዶ መነሣት ነው የሚሉ አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ጧት የሚሠራ ቁርስ የጥድፊያ ቁርስ ነው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ይደርስበታል። ይልቅስ ማታ ግማሽ ሰዓት መድቦ፣ እንቁላልን ከአትክልት ጋር በትንንሽ ቅርጽ ጋግሮ ማሳደር ይሻላል። አሠራሩ ቀላል ነው።

ለአንድ ሰው፣ ለሁለት ጧት የሚበቃው ይህ ነው፦ 4 እንቁላል፣ ግማሽ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ቃሪያ፣ ግማሽ ካሮት፣ አንድ እፍኝ የተከተፈ ቆስጣ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ አይብ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቂት ቁንዶ በርበሬ። እንቁላሎቹን አስቀድማችሁ ከውሃ ውስጥ ክተቷቸው። ትኩሱ እታች ይተኛል፤ የቆየው ይቆማል፤ የሚንሳፈፈውን ጣሉት። የእንቁላል ቅርፊት ዐይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ስላሉት፣ ሲቆይ ውስጡ ያለው ውሃ እየተነነ በምትኩ አየር ይገባበታል፤ መንሳፈፉም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሽንኩርቱን፣ የተፈቀፈቀውን ካሮትና ቆስጣውን በጥቂት ዘይት አማስላችሁ ውሃቸው እስኪመጥ ጠብቁ። ይህን አትዝለሉ፤ ጥሬውን የጨመራችሁት እንደ ሆነ ቆስጣው እመጋገሪያው ውስጥ ውሃ ይለቅና እንቁላሉ ይላሽቃል። ከዚያ በኋላ እንቁላሉን ከጨው ጋር መትታችሁ፣ ከአትክልቱ፣ ከቃሪያውና ከአይቡ ጋር ቀላቅሉት። ጎድጓዳ ጎድጓዳ ቅርጽ ያለውን የኬክ መጋገሪያ ዘይት ቀብታችሁ አራቱን ጉድጓድ እስከ ሦስት አራተኛው ሙሉ፤ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ኦቭን 20 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። መካከሉ መንቀጥቀጡን ሲተው በስሏል። ከኦቭን ሲወጣ ያበጠው ቢሟሽሽ አትደንግጡ፤ ጠባዩ ነው።

«ኦቭን የት አባቴ አለኝና!» ለምትሉ፣ በኪራይ ክፍል በአንዲት ምድጃ ለምትኖሩ ወንደላጤዎችም መላ አለ። ዘይት የተቀባ የቆርቆሮ ኩባያ በድስት ውስጥ አስቀምጡና ውሃውን እስከ ኩባያው ግማሽ ጨምራችሁ ክደኑት፤ በለስላሳ እሳት በእንፋሎት ይበስላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ሆኖም እንቁላል በሚገባ በሰለ የሚባለው 71 ዲግሪ ሲደርስ ስለ ሆነ፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ መብሰሉ አይቀርም።

አሁን ስለ አቀማመጡ። የተጋገረው እንቁላል ከ2 ሰዓት በላይ በውጭ መቆየት የለበትም፤ በረድ ሲል ክዳን ባለው ዕቃ ከፍሪጅ ይግባ፤ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥም ይበላ። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ፤ እንደ ተዘጋ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪጅ የሌላችሁ ግን ጋግራችሁ አታሳድሩ። ማታ አትክልቱን ብቻ ከትፋችሁ አኑሩ፤ ጧት እንቁላሉን መትታችሁ ከድስቱ ጣዱትና እናንተ እስክትለባብሱ ይደርሳል።

ጾም ለምትጾሙ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። የሳምንቱ ጾምና የእንቁላሉ ዕድሜ የተስማሙ ናቸው። እሑድ ማታ የተጋገረው ለሰኞና ለማክሰኞ ይሆናል፤ ረቡዕ ማታ የተጋገረው ለሐሙስና ለቅዳሜ ይተርፋል። ረቡዕ ስትሠሩ ጨዉን መቅመስ ስለማይቻል በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። ለረቡዕና ለዓርብ፣ እንዲሁም ለዐቢይ ጾም 55 ቀን ቂንጬ በዘይት ወይም ፉል አለ።

በዚህ አኳኋን በሳምንት 8 እንቁላል ይበላል፤ በቀን አንድ ያህል መሆኑ ነው፤ ለጤነኛ ሰው አይበዛም። የስኳር ሕመም ወይም የኮሌስትሮል መብዛት ያለበት ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። ሁለት እንቁላል 12 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ ሻይ በስኳር ይህን አይሰጥም። ዘይቱም ቅባት ብቻ ስለ ሆነ በዘይት ከሚዋኘው ፍርፍር ይሻላል። ጧት ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጋችሁ፣ መጥበሻውን ከድናችሁ እስኪያጤስ አሙቁትና በዳቦ መካከል አድርጉት።

በመጨረሻ ለወንድሞቼ አንድ ቃል አለኝ። «ወንድ ልጅ እንዴት ማጀት ይገባል?» የሚለውን አሳብ ከእናታችን ቤት ይዘነው መጥተናል፤ እናታችን ግን አብራን አልመጣችም። ደመወዝ ተቀብሎ ራሱን ቻለ የተባለ ሰው፣ አራት እንቁላል መምታት ካቃተው መቻሉ ግማሽ ነው። እኅቶቼም ብትሆኑ ለሰው ሁሉ ስትሠሩ የራሳችሁን ቁርስ አትርሱ። በዚህ እሑድ ማታ አራቱን እንቁላል ከውሃው ክተቷቸውና ጀምሩ፤ የሰኞ ጧት ይቀልላችኋል።