ጥቁረቱን ማን ጠየቃችሁ?

ይህ ጽሑፍ ግለ ሂስ ነው። ሦስት ሆነን ያጠፋነውን ሦስት ሆነን መናዘዝ ስላለብን «እኛ» እያልን እንጽፋለን።

የኪስ ገንዘብ ሲያጥረን ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና እናጥባለን። ላባጆ የለንም፤ ያለን ሁለት ባልዲ፣ አንድ ስፖንጅና ጨርቅ ነው። ከደንበኞቻችን አንዱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። መኪናቸው ቮልስ ናት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱባት ዓይነት፣ ያቺ ጀርባዋ የጎበጠ ታናሽ መኪና። ጋሼ ባለቤታቸውን እትዬን ሐኪም ቤት የሚያመላልሱባት እሷው ናት።

ታዲያ አንድ ቀን ይበልጥ ልናስደስታቸው ፈለግን። በመስታወቶቹ ዙሪያ ያለው ጎማ አቧራ ጠጥቶ፣ ፀሐይ መትቶት አመድ መስሏል። የጎማ ማጥቆሪያ ማን አጣ? ናፍጣ! ጨርቅ ነክረን ዙሪያውን ስናሸው እንደ አዲስ ጠቆረ፤ አብረቀረቀ። ጋሼም «ተባረኩ» ብለው ጉርሻ ጨመሩልን። ደስ አለንና ለወራት ደጋገምነው።

ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ ጋሼ ጠርተው በሩን ከፈቱልን። ከምንጣፉ ሥር ውሃ ተኝቷል፤ ሻጋታው ይሸታል፤ ላሜራው ዝጓል። እትዬ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ጉልበታቸው ላይ ይንጠባጠብባቸው እንደነበረ በኋላ ሰማን። የፊቱን መስታወት ጎማ ስንነካው አንዱ ጋ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ሌላው ጋ ተሸብሽቦ ተሰንጥቋል።

የሚያሳፍረው እዚህ ላይ ነው። ከሦስታችን አንዱ የኬሚስትሪ ተማሪ ነው። ተመሳሳይ ተመሳሳዩን እንደሚያሟሟ ለፈተና ሸምድዶ ጥሩ ውጤት አምጥቷል። ቻርልስ ጉድይር በ1839 (እ.ኤ.አ.) ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ እንዳጠነከረውም ያውቃል። ያ ጎማ ናፍጣ ሲነካው እየጠጣ እንደሚያብጥ፣ ልስላሴ የሚሰጠው ቅባት ታጥቦ ሲወጣ ደግሞ እንደሚደርቅ ግን ባልዲ የያዘው እጁ አላወቀም። እኛም ሁለታችን አልጠየቅነውም። ዕውቀታችን ደብተር ውስጥ፣ ናፍጣችን ጨርቅ ላይ! ላዩ ጥቁር፣ ውስጡን ለቄስ።

ጋሼ አልተቆጡም። «እናንተ ልጆች፣ ጥቁረቱን ማን ጠየቃችሁ? እኔ የምፈልገው ውሃ እንዳያስገባ ነው» አሉን። ከዚያ እንደ ድሮው ክፍላቸው አስተማሩን። ጎማ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል። በእጥፋቱ የገባው አሸዋ በለስላሳ ብሩሽ ይወጣል፤ አለበለዚያ የበሩ መስታወት በወጣና በወረደ ቁጥር እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ግሊሰሪን ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ ያው ፊታችንን የምንቀባው። ከበሩ ሥር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ከጭቃ ይጠረጋሉ። ለመኪናዋም ጥላ ይፈለግላታል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ፀሐይዋ ጎማ አትምርም።

የዚህች ዓይነት ቮልስ ምርት በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ውስጥ ስላበቃ ጎማ ፍለጋው ቀላል አልነበረም፤ ሶማሌ ተራን ሁለት ቅዳሜ ዞርን። የሁለት ወር ገቢያችን ገባበት። ዕዳችን ነው፤ ከፈልን።

ጎማው ሁለት ቦይ አለው፤ አንዱ መስታወቱን፣ ሌላው የላሜራውን ጠርዝ ይነክሳል። ባትላሜራው በሁለተኛው ቦይ ዙሪያውን ሲባጎ አስገባና በሳሙና ውሃ አራሰው። ጋሼ ከውስጥ ሆነው ሲባጎውን ቀስ እያሉ ሲስቡ፣ እኛ ከውጭ መስታወቱን በመዳፋችን ገፋን፤ ጎማው ጠርዙን እየነከሰ ተቀመጠ። አንድ ባልዲ ውሃ ደፋንበት። እትዬ ከውስጥ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ዳበሱና «ደረቅ ነው» አሉ።

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ የተማራችሁትን እጃችሁም ይስማው። ናፍጣውንም ለሞተሩ ተዉለት።