ችካሉ

አባቴ ቀያሽ ነበር። ጡረታ ከወጣ ቢቆይም የሰው አጥር ባየ ቁጥር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥ ማለቱን ያጣራል። የማስተርስ ጥናቴ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ "ሰማይ ላይ እየሰፋ ያለ ጋዝ እለካለሁ" አልኩት። "ችካሉን ምን ላይ ተከልክ?" አለኝ። ያኔ ሳቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ሲያረጅ ውጫዊ አካሉን ወደ ጠፈር ይተፋል። መሃል የሚቀረው ትኩስ እምብርት ጋዙን ያበራዋል፤ ይህን ፕላኔታዊ ኔቡላ ይሉታል። (ከፕላኔት ጋር ዝምድና የለውም። ዊልያም ኸርሸል በ18ኛው ክፍለ ዘመን በቴሌስኮፑ ሲያየው ክብነቱ ፕላኔት መሰለው፤ ስሙ ተጣብቆ ቀረ።) እኔ የያዝኩት የድመት ዓይን የሚባለውን ነው።

የጋዙን ፍጥነት ማወቅ ያን ያህል አይከብድም። ክላክስ እያንባረቀ የሚመጣ ሚኒባስ ድምፁ ይቀጥናል፤ ካለፈህ በኋላ ይወፍራል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ወደኛ የሚመጣው የኔቡላው ፊት ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ የሚሸሸው ጀርባው ደግሞ ወደ ቀይ ሸርተት ስለሚል፣ አንዱ አረንጓዴ የኦክስጅን መስመር ለሁለት ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ስትለካ ፍጥነቱ ይወጣል፦ በሰከንድ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ።

መከራው ሌላው ነው፤ ሰማዩ ላይ ሲሰፋ ማየት። ጋዙ በኪሎ ሜትር ስንት እንደሚሄድና በማዕዘን ስንት እንደሚሰፋ ካወቅህ ርቀቱን ታገኛለህ። ሃብል በ1994 እና በ1997 ፎቶ አንስቶታል። ዳረን ሪድና ባልደረቦቹ ሁለቱን አነጻጽረው በ1999 ርቀቱ 1,001 ፓርሴክ ነው አሉ፤ ወደ 3,300 የብርሃን ዓመት። ስህተቱ ወደላይም ወደታችም 269 ፓርሴክ ነው። በዓመት የሚሰፋበት ማዕዘን አዲስ አበባ ቆመህ ጅቡቲ ያለ ሰው የትንሽ ጣት ጥፍር ብታይ ከሚኖራት ስፋት ብዙ አይበልጥም።

የሃብል ማኅደር ለማንም ክፍት ነው። ኢንተርኔቱ በሚፈቅድባቸው ሌሊቶች ምስሎቹን አወረድኳቸው። ግን ዝም ብለው አይደራረቡም። የካሜራውን መዛባት አርመህ፣ አንዱን ገፋ ሳብ አድርገህ ታስተካክለዋለህ። የሦስቱ ዓመት ለውጥ የአንድ ፒክስል ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ትንሽ አብዝተህ ከገፋህ ኔቡላው በአንድ ጎኑ ሲሰፋ በሌላው ሲጠብ ታየዋለህ።

መጀመሪያ 640 ወጣ። አስተካከልኩ፤ 1,420። እንደገና፤ 870። አንድ ሐሙስ ሌሊት 1,010 ሲመጣ "በቃ!" ብዬ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

እሑድ ለአባቴ በኩራት አወራሁለት። ጨርሶ ሰማኝና "ማስተካከሉን መቼ እንደምታቆም በምን አወቅህ?" አለ።

መልስ አጣሁ። ያቆምኩት መልሱ ስለመጣ ነበር እኮ።

ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች ስለተጣሉበት የውርስ መሬት ነገረኝ። ታላቅየው በየክረምቱ ችካሉን ጥቂት ጥቂት ይገፋዋል። አባቴ ሦስት ጊዜ ሜትር ዘርግቶ ሦስቴም ያው ቁጥር ወጣለት። "ሜትሬ አልዋሸም" አለ። "የዋሸው ችካሉ ነው።" እኔን ለመውቀስ ያለው አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ትዝታው ጣፍጦት ነበር። እኔ ግን ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ሰኞ ለአማካሪዬ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። የምረቃ ጊዜዬ እንደሚያልፍ እያወቅኩ ነው፤ አለፈም። አልተቆጡኝም። የጋሬልት ሜሌማን የ2004 ጽሑፍ ሰጥተውኝ "ይኸንንም ጨምርበት" አሉኝ። ሳነበው ወገቤ ተቆረጠ። የሚያበራው ጠርዝ ራሱ ጋዙ አይደለም። በደረቅ ሣር ላይ እንደሚሮጥ የእሳት መስመር ነው፦ የምናየው ነበልባሉን ነው። እርግጥ እዚህ ጋዙም ይሄዳል፤ ጠርዙ ግን ይቀድመዋል። መስመሩ የሚሰነጠቀው በጋዙ ፍጥነት ነው፣ ፎቶው ላይ የምንለካው ግን የጠርዙን ነው። ሁለቱን እንደ አንድ ከቆጠርናቸው ርቀቱ ከእውነተኛው ያጥራል። ችካል እየነቀልኩ የተጠጋሁት 1,000 ራሱ አጭር ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛውን ጊዜ ምስሎቹን በምን እንደማስተካክል አስቀድሜ ጻፍኩና፣ ፕሮግራሙ ርቀቱን እስከ መጨረሻው ቀን እንዳያሳየኝ አደረግኩ። ቁጥሩ ሲወጣ የስህተቱ መጠን የመልሱን ግማሽ ያህል ነበር። እንዳለ አስገባሁት።

ለአባቴ ስነግረው መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

"ግማሽ?" አለ። "እኛ ጋ ቢሆን በማግስቱ ነበር የምትባረር።"