ስትሰጡ አትቅረጹ
በዓል በመጣ ቁጥር ቲክቶክ ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይበዛል። አንዲት እናት 5 ሊትር ዘይት ታቅፈው ቆመዋል። «እማማ፣ ወደዚህ ይዩ፤ ምን ተሰማዎት?» ይባላሉ። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሊሸፍኑ ሲሞክሩ ስልኩ ይበልጥ ይጠጋል። ዘይቱ ያልቃል፤ ቪዲዮው ግን አያልቅም። ነገ የልጃቸው የክፍል ጓደኞች ያዩታል። ምጽዋትም ሆነ ሰደቃ በስውር ሲሰጥ እንደሚበልጥ ተምረን አድገናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም አለን። «ፈቅደው ነው» አትበሉ፤ የቸገረው ሰው «አትቅረጹኝ» ለማለት አቅም የለውም። እባካችሁ፣ ስትሰጡ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። እንዲህ ያለውን ቪዲዮም ሼር አታድርጉ።